በስንዴ ስም የጋገርኩት ዳቦ

እኔ አፍ ካላቸው ሴቶች ወገን ነኝ። የመጣልኝን እናገራለሁ፣ የተናገርኩትንም መልሼ አልውጥም። እናቴ «ይቺን ልጅ ምላሷ ያስበላታል» ትል ነበር። ሊያስበላኝ የደረሰው ግን እሷ ከሞተች በኋላ፣ ከወሎ ደጋ ተነሥቼ አሶሳ በሰፈርኩበት ዘመን ነው። ሊያስበላኝ የነበረውም ፖለቲካ አይደለም፣ ዱቄት ነው። ይህን የምጽፈው እዚያው ሰፈራ ጣቢያ፣ ቀርከሃ ዳስ ሥር በመሠረተ ትምህርት በተማርኩት ፊደል ስለሆነ፣ ስሕተት ያገኘበት ሰው አስተማሪዬን ይውቀስ።

ስንሰፍር ሁለት ነበርን፣ እኔና ልጄ። ባሌ በድርቁ ጊዜ መጠለያ ውስጥ ቀርቷል። ልጄ አራት ዓመት ገደማ ትሆናለች። ከፊት ለፊታችን ያለው ጎጆ የደረሰው ለአክስቴ ልጅ ነበር፣ ከባሏና የልጄ እኩያ ከሆነው ወንድ ልጇ ጋር። አገር ቤት አብረን ውኃ የቀዳን፣ አብረን እንጨት የለቀምን ነን። እዚያ ምድር ላይ ከልጄ ሌላ ዘመድ የምለው እሷን ብቻ ነበር። ባሏ ጠመንጃ ተሰጥቶት አብዮት ጥበቃ ሆኗል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የታዘዘውን ይፈጽማል፣ ያየውንም ያወራል።

በየአሥራ አምስት ቀኑ ራሽን ይታደላል። አብዛኛውን ጊዜ የስንዴ ዱቄትና ዘይት፣ ሲሻለው ደግሞ ክክ። አገር ቤት ስንዴ የበዓል እህል ስለሆነ ሰዉ በየቀኑ ስንዴ መብላቱን እንደ መታደል ቆጥሮት ነበር፤ እኔም ቆጥሬዋለሁ። ልጄ ግን ዱቄቱ በተመቸን መጠን እየከሳች ሄደች። ሆዷ ተነፋ፣ እጅና እግሯ ቀጠነ፣ ፀጉሯ በማበጠሪያው እየተነቀለ ይወጣ ጀመር። ተቅማጡ አንድ ሳምንት ጋብ ይላል፣ ሁለት ሳምንት ይመለሳል። ቀድሞ ሁለት ልጆች የሆነች ያህል ትለፈልፍ የነበረችው ልጅ በሩ ላይ ተቀምጣ ዝም ብላ ታየኛለች።

የጣቢያው ክሊኒክ ድሬሰር የወስፋት መድኃኒት ሰጣት። አልሠራም። የወባ ክኒን ሰጣት። አልሠራም። ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ «ምግብ ጨምሪላት» አለኝ። እኔም ጨመርኩ።

እዚህ ላይ የሠራሁትን ልናገር፤ እንዲህ ያለ ስሕተት የሚሠራው ገብስ የሚያመልክ ደገኛ ብቻ ነው። ከአገር ስወጣ አንዲት ከረጢት በሶ ይዤ ነበር። መጠለያ ውስጥ ተርበን እንኳ አልነካኋትም፤ ለክፉ ቀን ብዬ ደብቄ ይዣት አሶሳ ድረስ መጣች። እኛ ዘንድ የታመመ ሰው በሶ ይመታለታል፣ የወለደች ሴት የገብስ ገንፎ ይገነፋላታል፤ ገብስ የእህል ንጉሥ ነው። ክፉው ቀን ደረሰ ብዬ ከረጢቷን ፈታሁ። በሶውን በውኃና በዘይት እያሸሁ ጠዋትና ማታ በእጄ አጎርሳታለሁ። እሷ ፊቷን ስታዞር አገጯን ይዤ አጎርሳታለሁ። ስትብስ እጨምርላታለሁ።

ከወንዙ ማዶ የነባሮቹ የበርታዎች መንደር ነበር። ከዚያ አንዲት ጠና ያለች ሴት ማንጎና የደረቀ ባሚያ ተሸክማ ከጎጆዎቹ ጀርባ ትመጣለች። እኛ የስንዴ ዱቄት እንሰጣታለን፣ እሷ ያመጣችውን ትሰጠናለች። ራሽን መለወጥ ክልክል ስለነበር ሁሉም ነገር በጥድፊያና በሹክሹክታ ነው። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም፤ እኔን «አንተ» ትለኛለች። እኔም መጀመሪያ ላይ አንዳንዴ እየሳቅሁባት ከዚያ እየለመድኩት ሄድኩ።

ዝናቡ ሲጀምር እኔን ወባ ጣለኝ። የአክስቴ ልጅ ከሥራ ብርጌዱ ጋር እርሻ ትውላለች፤ ቀን ቀን ልጄን የሚያይ አልነበረም። የበርታዋ ሴት ማንጎዋን ይዛ ስትመጣ እኔ መደቡ ላይ እየተንቀጠቀጥኩ፣ ልጄ አጠገቤ በገዛ ቆሻሻዋ ላይ ተኝታ አገኘችን። ምንም ሳትጠይቀኝ ልጄን አጥባ አዘለቻት። «ሲሻልህ ና፣ ውሰደው» ብላኝ ሄደች። ልከለክላት አቅም አልነበረኝም። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ሰዓት ልጄ ከእጄ ወጥታ ብትሞት ይሻለኛል የሚል ሐሳብ መጥቶብኛል። ያንን ሐሳብ እስካሁን ይቅር አላልኩትም።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቼ በምርኩዝ ተሻግሬ ሄድኩ። ልጄ ከሴትየዋ ደጃፍ ላይ ቆማ፣ በእጇ የማሽላ ገንፎ ይዛ፣ ዶሮ እያባረረች ነበር። ስታየኝ ሮጠች። ከስንት ወር በኋላ ስትሮጥ ሳያት ምርኩዜን ጥዬ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ሴትየዋ ለልጄ ከማሽላ ገንፎና ከባሚያ ወጥ ሌላ የሰጠቻት አልነበረም። ስንዴ አንድ ቀን ብቻ ሞክራላት ነበር፤ እኔው የለወጥኳትን ዱቄት ቂጣ አድርጋ ብትሰጣት ሌሊቱን ስታስመልስ አደረች።

«ይሄ ልጅ ስንዴ አይችልም» አለችኝ። «ማሽላ ብቻ ስጠው። እኔ አየሁት፣ ወላሂ።»

ሳቅሁባት። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ፤ ስንዴ የማይስማማው ሰው ይኖራል? አመስግኜ ልጄን ይዤ ተመለስኩ። የመመለሷን ደስታ ምን አድርጌ እንደገለጽኩት ልንገራችሁ፤ ከከረጢቷ በሶ ዘግኜ መትቼ ሰጠኋት። በማግሥቱ ሆዷ ተነፋ።

ያኔ ፈራሁ። ስንዴውን ተውኩ። ከሴትየዋ ማሽላ እየለወጥኩ ቂጣ ጋገርኩላት፣ በሶውን ግን አልተውኩም፤ በሶ መድኃኒት ነዋ! አልዳነችም። ንዴቴን ይዤ ወንዙን ተሻገርኩ፤ ስንዴ አቁሜያለሁ፣ ነገርሽ ውሸት ነው አልኳት። እሷም አልተቆጣችም፤ ሌላ ምን እንደምሰጣት ጠየቀችኝ። ከረጢቷን አሳየኋት። ዱቄቱን ቀምሳ አላወቀችውም። ከሥሩ ያልደቀቀ የገብስ ፍሬ ፈልጋ አወጣች፣ በጣቷ አገላበጠችው፣ ጭረቱን አየችው።

«ይሄ የስንዴ ወንድም ነው» አለች።

ለሁለት ወር በእጄ፣ አገጯን እየያዝኩ ያጎረስኳት እሱን ነበር። የቀረችውን በሶ ለራሴ ውኃ አፍስሼባት እያለቀስኩ በላኋት። የአገሬ ጣዕም ነበራት፣ እንደዚያም ሆኖ ጠላኋት።

ከዚያ በኋላ ምግብ መሥራትን እንደ አዲስ ተማርኩ። ማሽላ እኛ ዘንድ የቆላ እህል እየተባለ የሚናቅ ነው፤ እኔም እህሉን ሳላውቅ የናቅሁት ሰው ነበርኩ። እንጀራው መጀመሪያ ሲሰነጣጠቅ፣ ጥቂቱን በፈላ ውኃ አብሲት አድርጌ ስመልስበት ተያያዘልኝ። እርሾ ግን ከአክስቴ ልጅ ተበድሬ ነበርና ልጄ ሦስት ቀን ታመመች። ለካ እርሾው የስንዴ ሊጥ ነው። ደፍቼ፣ ማሰሮውን በአመድ አጥቤ፣ ከማሽላው ራሱ አዲስ እርሾ አወጣሁ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ወፍጮው ጉድ አደረገኝ፤ በማለዳ ጎረቤት ስንዴ የፈጨችበት ድንጋይ ላይ ማሽላዬን ፈጭቼ። ከዚያ ወዲህ ድንጋዩንና መጁን ሳልወለውል እህል አላፈስም። ወጥ ማወፈሪያ ዱቄት እነሰንስ የነበረውን ትቼ ዱባ ማፍረስ ጀመርኩ። በሶ ሲያምረኝ፣ እሷንም ሲያምራት፣ በቆሎ ቆልቼ ፈጭቼ ከተወቀጠ ለውዝ ጋር አሸሁት። «በሶ ነው» አልኳት፣ በላችው። እኔም ከእሷ ጋር ቀምሼ፣ ደገኛ ሆኜ፣ የገብስ በሶን አስረሳኝ ብዬ ማልኩ። እርግጥ ዋሽቻለሁ።

ዳቦ ብቻ እምቢ አለኝ። የማሽላ ዳቦ ከተጋገረ በኋላ በእጅ ሲነካ እንደ ደረቅ ጭቃ ይረገፋል። የበርታዋ ሴት መላ ሰጠችኝ። የደረቀ ባሚያ በደንብ ደቅቆ በለብ ያለ ውኃ ሲበጠበጥ ዝልግልግ ይላል። ሊጡን በሱ ለውሰሽ በሙዝ ቅጠል ጠቅልለሽ ብትጋግሪው ይያያዛል። ሞከርኩት፤ ተያያዘ። እንደ ስንዴ ባይሆንም ተቆርሶ ይነሣል።

ልጄ ሰው ሆነች። ጉንጯ ሞላ፣ መለፍለፏ ተመለሰ። እኔም «ስንዴ አልበላም፣ ያመኛል» ማለት አስተማርኳት። ሰው ቤት ገብታ የሰጧትን እንዳትበላ በየቀኑ አስደግማታለሁ። ረስታ ስትገኝ ቆጣ እላለሁ፤ አንድ ቀን ከጎረቤት ልጅ ቂጣ ተቀብላ ሳገኛት በጥፊ መትቻታለሁ።

እዚህ ላይ ነው ምላሴ የመጣው። የውኃ ፓምፑ ጋ ወረፋ ስንጠብቅ፣ ልጅሽ እንዴት ዳነች ሲሉኝ ነገርኳቸው፤ ዱቄቱ አልተስማማትም፣ ትቼው ዳነች። ይህንኑ ነው ያልኩት። የአክስቴ ልጅ አጠገቤ ቆማ ትሰማለች። የእሷም ልጅ ከዚያው ከእኛ ዘር የወጣ፣ እንደዚያው ሆዱ የተነፋ ነበር። በማግሥቱ አንድ ጣሳ ማሽላ ወሰደች፣ በሳምንቱ ሌላ ጣሳ። ልጁ መቆም ጀመረ። እናቱ ስታየኝ እጄን ትስም ነበር።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። የኔ ቃል ከፓምፑ ተነሥቶ ጎጆ ለጎጆ ሲዞር ዱቄቱ አልተስማማትም ያልኩት ዱቄቱ መድኃኒት አለበት ሆነ፣ ከዚያ ሊጨርሱን ነው ሆነ። ሰዎች ዱቄታቸውን ወንዝ መድፋት ጀመሩ። ከእለታት አንድ ቀን የአክስቴ ልጅ ባል ጠመንጃውን ይዞ በሬ ላይ ቆመና የጣቢያው ካድሬ ይፈልግሻል አለኝ።

ካድሬው ጠረጴዛው ላይ አንድ ጣሳ ዱቄት አስቀምጦ ነበር። ወጣት ነው፣ ጨዋ አነጋገር አለው፣ ለዚያ ነው የፈራሁት። ከሁለት ወር በፊት ስለ ራሽን አጉረመረመ የተባለ አንድ ሰውዬ ከዚሁ ክፍል ወጥቶ በመኪና ወደ ከተማ ተወስዶ ነበር። አልተመለሰም፤ ሚስቱም ጠይቃ መልስ አላገኘችም።

«ጓዲት፣ መንግሥት ያመጣልሽን ዱቄት መርዝ ነው ብለሻል» አለኝ።

«መርዝ ነው አላልኩም። ለልጄ አይስማማትም ነው ያልኩ።»

ድሬሰሩን አስጠርቶ እንዲህ ያለ በሽታ ታውቃለህ ወይ አለው። ድሬሰሩ እኔን ሳያይ አላውቅም አለ። እውነቱን ነው፣ አያውቅም። ካድሬው ጣሳውን ወደኔ ገፋ አደረገ። ከሰዓት በኋላ ሕዝቡ ይሰበሰባል፤ ከዚህ ዱቄት ዳቦ ጋግሬ እመጣለሁ፣ ልጄ በሕዝብ ፊት ትበላለች። ከበላች ወሬው ያልቃል፣ እኔም ተሳስቼ ነበር ብዬ ቤቴ እገባለሁ። ካልበላች ግን መኪናው ነገ ወደ ከተማ ይሄዳል።

በመንገዱ ሁሉ ሁለቱን እያነሣሁ እጥላለሁ። ከተወሰድኩ ልጄን ማን ያሳድጋታል? የአክስቴ ልጅ ናት የምታሳድጋት፣ እኔ ከተወሰድኩ በኋላ ደግሞ እሷ ቤት ማሽላ የሚደፍር የለም፣ የሚበላው ስንዴ ነው። ዳቦውን እኔ ባጎርሳት ትታመማለች፤ በእርሾ ብቻ ሦስት ቀን የወደቀች ልጅ በሙሉ ዳቦ ምን እንደምትሆን አላውቅም። ሦስተኛ መንገድ ስላልነበረ ራሴው አንድ ልሠራ ተነሣሁ፤ በስንዴ ስም ማሽላ ልጋግር።

የአክስቴ ልጅ ባል በሩ ላይ እንዲቀመጥ ታዞ ነበር። መጥቶ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። የተሰጠኝን ዱቄት እሱ እያየ ወደ ገበቴ ገለበጥኩት። ጀርባውን ሲሰጠኝ ጨርቅ አልብሼ ከመደቡ ሥር ገፋሁትና በሌላ ገበቴ ነጩን ማሽላ አወጣሁ። ሦስት ጊዜ በወንፊት ነፋሁት፣ ቀይ ቅንጣት እንዳይኖርበት አንድ አንድ እያልኩ ለቀምኩ። ባሚያውን በጥብጬ ሊጡ ላይ ሳፈስ ሰውዬው ሲጋራውን ከምድጃው ሊለኩስ ገባ። ቆሞ አየኝ።

«ምንድን ነው ይኼ የሚዝለገለገው?» አለ።

«ተልባ ነው። ዳቦ ያለሰልሳል፣ ያንተስ እናት አታደርግም?»

ፈገግ አለ፤ እናቱ ታደርግ ነበር። ሲጋራውን ለኩሶ ወጣ። እኔ ሊጡን ቶሎ በሙዝ ቅጠል ጠቀለልኩት።

ልጄ እንቅልፍ ላይ ነበረች። ስትነሣ ዳቦው ማሽላ መሆኑን ልንገራት አልንገራት እያልኩ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። የአራት ዓመት ልጅ ናት፣ መለፍለፏ ተመልሷል፤ በሕዝብ ፊት «የማሽላ ዳቦ» ካለች ሁለታችንም አበቃልን። አልነገርኳትም። ዳቦው በሙዝ ቅጠሉ ውስጥ በስሎ ሲወጣ ከላዩ ትንሽ ተሰንጥቋል። በዘይት አሸሁት። ለእኔ ማሽላነቱ ይጮኻል፤ ለሌላው እንዳይጮኽ ጸለይኩ።

ሕዝቡ ዳሱ ሥር ተሰብስቧል። ካድሬው ስለ አሉባልታ ረጅም ንግግር አደረገ። ከዚያ የአክስቴን ልጅ ባል አስነሥቶ ዳቦው ከምን እንደተጋገረ ጠየቀው። እሱም ዱቄቱ ሲገለበጥ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ሲለወስም አይቻለሁ አለ። ካድሬው ዳቦውን ተቀበለኝ፣ በሁለት እጁ ይዞ ቆረሰው። የማሽላ ዳቦ የሚረገፈው በዚህ ጊዜ ነው። አንድ ሁለት ፍርፋሪ ወደቀ፣ የቀረው ተያይዞ ተነሣ። ራሱ ቀመሰው። «ጥሩ ዳቦ ነው» አለና ቁራሹን ለልጄ ዘረጋላት።

ልጄ እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀች።

«ስንዴ አልበላም፣ ያመኛል» አለች፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ እንዳስተማርኳት።

ካድሬው ወደኔ ዞረ። ያን ጊዜ ተንበርክኬ ቁራሹን ከእጁ ወስጄ ወደ አፏ አስጠጋሁ። «ብዪ፣ እኔ ነኝ የምልሽ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ስለ ቂጣ በጥፊ የመታኋት እኔ ነበርኩ፤ አሁን ደግሞ ብዪ የምለው እኔው ነኝ። ከንፈሯን ገጥማ ራሷን ነቀነቀች፣ እንባዋ ወረደ። አገጯን ያዝኩ። አፏን ከፈተች፤ ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል እያለቀሰች ጎረሰች። ስታኝክ ጣዕሙን ለየችው፣ ግራ ገብቷት ማኘኳን አቆመች። እንዳትናገር ሁለተኛ ቁራሽ አጎረስኳት፣ ሦስተኛም። ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም ተነሥቼ፣ ተሳስቼ ነበር፣ ዱቄቱ ጤነኛ ነው አልኩ።

ካጨበጨቡት መካከል የአክስቴ ልጅ ነበረች። ልጇን አዝላ ከሴቶቹ ፊት ቆማ ነበር።

በዚያው ቀን ማሽላ መውሰዷን አቆመች። ምን ታድርግ፤ ባሏ አይቻለሁ ብሏል፣ እሷም በዓይኗ አይታለች፣ እኔም በአፌ ተናግሬያለሁ። ልጄ በማግሥቱ ስትቦርቅ ስታይ ደግሞ ጭራሽ ልቧ አረፈ። እኔ ልነግራት አሰብኩ። ነገር ግን የነገርኳት ሁሉ ማታ ባሏ ጆሮ ይገባል፣ ባሏ ያወቀውን ደግሞ ካድሬው ያውቀዋል። ትንሽ ይለፍ አልኩ። እርሻው አረም ላይ ሲደርስ እነግራታለሁ አልኩ። ባሏ ለሥራ ወጣ ሲል እነግራታለሁ አልኩ። እነሆ አፍ አላት የምባለው ሴት ያኔ አፍ አልነበረኝም። በእኔና በእሷ በር መካከል ያለው ጥቂት እርምጃ ነው፤ ልጁ እየከሳ ሲሄድ በየቀኑ በሬ ላይ ቆሜ አየዋለሁ። ሰበብ ፈልጌ የማሽላ ቂጣ እሰጠዋለሁ፣ እናቱ በላዩ የስንዴ ትጨምርለታለች። እንደ እኔው፣ ሲብስበት ትጨምርለታለች።

አንድ ቀን ለቅሶዋን ሰማሁና ገባሁ። ልጁን ታቅፋ የስንዴ አጥሚት በማንኪያ ልታጠጣው ትታገላለች። አገጩን ይዛለች። ማንኪያውን ከእጇ ቀማሁ።

«ዳቦው ማሽላ ነበር» አልኳት።

መጀመሪያ አልገባትም። ሁሉንም ነገርኳት፤ ከመደቡ ሥር የደበቅሁትን ዱቄት፣ ባሚያውን፣ ባሏን ተልባ ነው ብዬ ያታለልኩትን። ጨርሼ ስቆም ልጁን ወደ ደረቷ አስጠጋችው። ትጮኻለች፣ ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

«ባዳ ነኝ እንዴ ላንቺ?» አለች በመጨረሻ።

«ፈራሁሽ» አልኳት።

አጥሚቱን ደፋችው። ማሽላ አጥሚት ሠራን፣ ቀጭን አድርገን በጠብታ አጠጣነው። ግን ረፍዶ ነበር፤ ሆዱ ውኃ እንኳ አልይዝ አለ። በአራተኛው ቀን ጠዋት እናቱ እቅፍ ላይ ሞተ። ለባሏም ለካድሬውም አልነገረችብኝም። ለምን እንዳልነገረች ጠይቄያት አላውቅም።

ለቅሶው ላይ ሴቶቹ እንደ አገራችን ደንብ ንፍሮ ቀቀሉ፣ ስንዴና ሽምብራ። ጎጆው ሞልቷል፤ ካድሬውም ሊያጽናና መጥቶ ከባሏ ጎን ተቀምጧል። እኔ በር ላይ ውኃ አስቀምጬ ስገባ አንዲት አሮጊት ከትሪው ዘግነው ለልጄ ሲሰጧት አየሁ። ልጄ እጇን ዘረጋች። ከዚያ ስብሰባ በኋላ «አልበላም» ማለት ትታ ነበር፤ የሰጧትን ትቀበላለች፣ እኔን ቀና ብላ ታያለች። ካድሬው ያየናል። አሁን ተናገሪ፣ ለራሴ አልኩ፤ ምላሴ ግን አልተንቀሳቀሰም።

የአክስቴ ልጅ ከተቀመጠችበት ምንጣፍ ተነሣች። ፊቷን ነጭታው ደሙ አልደረቀም። በሰዉ መካከል አልፋ ልጄ ፊት ተንበረከከች፣ የተጨበጠውን የልጄን እጅ ፈታ የስንዴውን ፍሬ አንድ በአንድ ለቀመች፣ ሽምብራውንም አልተወችላትም።

«ይቺ ልጅ ስንዴ አትበላም» አለች፣ ሁሉም እየሰማ። «የኔም አይበላም ነበር።»

ባሏ ቀስ ብሎ ወደኔ አየ፣ ከዚያ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። ካድሬው ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ ቆየና ምንም ሳይል ወጣ። እሷ ንፍሮውን ትሪው ላይ መልሳ፣ የልጄን መዳፍ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላት።

«ማሽላ ቆልታችሁ ስጧት፣ ርቧታል» አለች።

ማሽላውን ልቆላ ወጣሁ።